የአብዱልገኒ ሰዓት በእኔ እጅ

ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ማንንም አያምንም፤ እኔም አላምንም። ገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ማሽኔን ተክዬ ስቀመጥ ያየሁት ሁሉ ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው። ሚስት የባሏን መሳቢያ ቁልፍ ታስቀርጻለች፣ ባል የሚስቱን ቁም ሳጥን። አከራይ የተከራዩን ቁልፍ ደብቆ ያመጣና «የራሴ ቤት ነው እኮ» ይለኛል። ስለዚህ የአብዱልገኒ ልጅ ለአባቱ ስማርት ሰዓት ገዝቶ አመጣለት ሲባል ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ነበር።

አብዱልገኒ የሱቅ ጎረቤቴ ነው። ሻንጣ ይሸጣል፣ ሻንጣ ይጠግናል። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ሥራ አያጣም፤ ነገ በረራ ያለው ሰው ሁሉ ዚፑ የሚበጠስበት ዛሬ ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ ከሐይቅ አካባቢ። በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ኤርፖርት ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖረ፤ ሻንጣ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚደክም እዚያ ነው ያወቅሁት ይላል። ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ደንበኛ ሲሰድበው እንኳ ሻይ የሚጋብዝ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር። ማንም እንዲሁ ጥሩ አይሆንም ብዬ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ምንም አላገኘሁበትም።

ሚስቱ ፈሂማ ካረፈች ወዲህ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከልጁ ከኢክሪማ ጋር ይኖራል። ሴት ልጁ ሊና ደግሞ ቦሌ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች። እናቷን ስታስታምም የነበረችው እሷ ናት፤ እናቷ የተኛችበትን አልጋ እንኳ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

አብዱልገኒ በግራ እጁ የሚያስራት ሴኮ ፋይቭ ሰዓት ከኤርፖርት ሥራው ጀምሮ አብራው የኖረች ናት። መስታወቷ ተፋፍቋል፣ ማሰሪያዋ ሁለት ሦስቴ ተቀይሯል። የሞላት በእኛው አቆጣጠር ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ላይ ነው የምትውለው። አዲሱ ሰዓት ግን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ በአምስት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ነው ብሎ ቁጭ።

«ይኸውልህ፣ በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ዋሸህ» አልኩት።

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እኮ፣ ገሴ።»

«እና አንተ ፈረንጅ ነህ?»

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰዓቱ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይመዘግባል፤ ሲም ካርድ ስላለው ሰውየው ያለበትን ቦታም ያውቃል። ይሄ ሁሉ የሚሄደው ደግሞ ኢክሪማ ስልክ ላይ ነው። ከእጅ ከወለቀም ኢክሪማ ወዲያው ይነገረዋል።

«ለጤናዬ ነው ይላል ልጄ» አለኝ አብዱልገኒ።

«ለጤናህ ከሆነ ብርቱካን አይገዛልህም? ሱቁን ሊያዘጋህ ነው። ደከመህ ብሎ ማስረጃ እየሰበሰበ ነው፤ ቆይ ታያለህ!»

ልጁን ማስቀየም አልፈለገም፣ ሴኮዋንም መተው አልሆነለትም። ስለዚህ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አስሮ መዋል ጀመረ። ለሶላት ሊታጠብ፣ ውዱ ሊያደርግ ሲሄድ ሁለቱንም አውልቆ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ኢክሪማ ቢደውል «ለሶላት ነው» ይለዋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የትኛዋን ሰዓት እንደሚያምን ጠይቄው ነበር። «ሴኮዋ ሰዓት ትነግረኛለች። ይሄኛው እኔን ነው የሚናገረው» አለኝ። ይቺን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አላማረኝም። የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው።

አልተሳሳትኩም። ስሟ ፈትያ ነው። ለዑምራ መካ ልትሄድ ስትል ጎማው የወለቀ ሻንጣ ይዛ መጥታ ነበር፤ ስትመለስ ተምር ይዛለት መጣች። ባሏ ሞቷል፣ አያት ሰፈር፣ ባቡሩ የሚያበቃበት አጠገብ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ሻንጣው ከተሠራ በኋላ ተምር ይዞ የሚመለስ ደንበኛ እኔ አይቼ አላውቅምና ምን አስባ ነው ብዬ ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። አብዱልገኒ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሴኮዋን ወልውሎ፣ ሸሚዝ ቀይሮ አያት መሄድ ጀመረ። ታናሽ እህቷ ባለችበት ሱቋ ውስጥ ሻይ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይመለሳል። ሌላ ነገር የለም።

«ላገባት እፈልጋለሁ፣ ገሴ» አለኝ አንድ ቀን፣ ዚፕ እየሰፋ፣ ቀና ሳይል። «ወንድሟ ሰይድ ሰው ላክ ብሎኛል። ግን ሊና ሳታውቅ እንዴት ሽማግሌ እልካለሁ? ብነግራት ደግሞ እናቷን የረሳሁ ይመስላታል። እኔም አጣታለሁ። ጊዜ እፈልጋለሁ።»

ያንኑ ሰሞን ኢክሪማ እራት ላይ ጠየቀው። «አባዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ አያት ምን አለ? ልብህስ ለምንድን ነው እንደዚያ የሚመታው?»

ምስኪን አብዱልገኒ መዋሸት አያውቅበትም። አያት ለደንበኛ ሻንጣ እንደሚያደርስ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት እንደሌለው፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እንደሚወጣ ነገረው። ኢክሪማ ክው አለ። በዚህ ዕድሜው ሻንጣ ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ! ከዚያ ወዲያ አያት የሚባል ነገር እንዳይሰማ ከለከለው፤ ሊናም ደውላ አለቀሰችበት።

ጠዋት ሱቅ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ልክ ነበርክ፣ እየተከታተሉኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ተጠራጣሪ ሰው ልክ ነበርክ ሲባል የሚሰማውን ደስታ የሚያውቀው ተጠራጣሪ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ወልቋል ብሎ ያሳብቃል፤ ይዞት ከሄደ አያት ነው ብሎ ያሳብቃል። የሚፈልገው እጅ ነው፣ የማንም ይሁን። «በል አምጣው» አልኩና ክንዴን ዘረጋሁለት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲደርስ አብዱልገኒ ሴኮዋን ብቻ አስሮ አያት ይሄዳል፣ እኔ የሱን ሰዓት አስሬ ገርጂ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ኢክሪማ ስልኩን ሲያይ አባቱ ሱቁ ውስጥ ነው። ሰዓቱ አንዳንዴ ክንዴ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ቀይ ነገር ብልጭ ያደርጋል። «ጩኽ» እለዋለሁ፤ «አንተን ብሎ ሰላይ!» ከምድር ቤቱ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ደረቴም አንዳንዴ እንደ ድንጉጥ ወፍ ይንፈራፈራል፤ ያንን ግን የጄኔሬተር ጭስ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜዬ ነው።

አንድ ሐሙስ ሰዓቱ ክንዴ ላይ ጮኸ። ኢክሪማ ነው የሚደውለው። ምን ብዬ ላንሳው? የማን ድምፅ ላሰማው? ክንዴን ጉያዬ ሥር ቀብሬ ዝም አልኩ። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ። ብዙም ሳይቆይ የሊና መኪና ደጁ ላይ ስትቆም በደረጃው መስኮት አየሁና ሰዓቱን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

ወንድምና እህት እየሮጡ ገቡ። «ጋሼ ገሰሰ፣ አባዬ የት ነው? የልቡ ምት እየተዛባ ነው ይላል ሰዓቱ፣ ስልክም አያነሳም!» አለችኝ ሊና።

«አሁን ለሶላት ወጣ» አልኩ።

ሰዓቷን አየች። የዐስር ሶላት ካለፈ ቆይቷል። ዓይኗ ኪሴ ላይ አረፈ፣ ወይም ያረፈ መሰለኝ። አብዱልገኒ ከአያት ተመልሶ ብቅ ሲል ዘልዬ ጨበጥኩትና ሰዓቱን መዳፉ ውስጥ አሳለፍኩለት። ልጆቹ የት እንደነበር እንኳ አልጠየቁትም። ሁለት ክንዱን ይዘው መኪና ውስጥ አስገቡት። እኔም አብሬ ገባሁ። አስታማሚ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ተጨንቆ ስሜን እንዳያወጣ ልጠብቀው ነው።

ክሊኒኩ እዚያው ገርጂ ነው። ዶክተር ሃረገወይን የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ያደረጉ ሴት አስተኙት፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት፣ ወረቀቱን አዩና «ልብዎ ደህና ነው አባቴ፣ ምንም የለብዎትም» አሉት። ኢክሪማ አላመነም። ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱ የላከውን ሁሉ አሳያቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱ። በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ብዙ ቆዩ።

«ሌላው ቀን ሁሉ ጤነኛ ነው» አሉ። «ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ሌላ ልብ ይሆናል። ይሄን ሰዓት ሌላ ሰው አስሮት ያውቃል?»

ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«የምጠይቀው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። እንዲህ የተዘበራረቀ ምት ውስጥ ውስጡን ደም ያረጋል። የረጋው ደም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሰውየው በአንድ ጊዜ ሽባ ይሆናል፣ ይባስም ሊል ይችላል። ሌላ ሰው ካለ ዛሬውኑ መታየት አለበት።»

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር የቆምኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ሴትዮዋ ሊያወጣጡን ነው ብዬ ነው። ቀጥዬ ያሰብኩት አብዱልገኒ ዝም ይላል ብዬ ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ዝም ነበር የምለው፤ ሊና አጠገቡ ቆማለች፣ አንድ ቃል ከተነፈሰ አያት ትወጣለች፣ አያት ከወጣች ፈትያ ትወጣለች። ቢያንስ ልጆቹ እስኪሄዱ ይጠብቃል አልኩ። እኔም እኮ አፍ ነበረኝ፤ ግን አልተነፈስኩም።

እሱ ፊቴን እንኳ አላየም። ሽቦው ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ ከአልጋው ቀና አለና «የሱ ነው» አለ፣ በጣቱ ወደ እኔ እያሳየ። «የገሰሰ ልብ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሰዓቱን ለእሱ አስሬለት ነው የምሄደው። ዶክተር፣ ወላሂ፣ ቶሎ ይዩልኝ!»

«የት ነው የምትሄደው?» አለች ሊና።

«አያት። ማግባት የምፈልጋት ሴት አለች። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ሊና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም። አብዱልገኒ በሩን አየት አደረገና ከአልጋው ወርዶ እኔን ክንዴን ይዞ በሱ ቦታ አስተኛኝ። ደረቴ ላይ ያንኑ ሽቦ ለጠፉልኝ። ወረቀቱ ገና ሳያልቅ የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። መርፌ መጣ፣ ኪኒን መጣ፣ ተኝተው ያድራሉ ተባልኩ።

«ማን ይጠራልዎት? የቤተሰብ ስልክ ይስጡኝ» አሉኝ።

አሰብኩ። የማንን እንደምሰጥ አጣሁ። ሰው ቁልፉን እንጂ ልቡን አይሰጠኝም እያልኩ፣ እኔም ለማንም ሳልሰጥ ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ በጣም አፈርኩ።

«እኔ ነኝ ቤተሰቡ» አለ አብዱልገኒ፤ ቁጥሩንም ራሱ ነገራቸው።

ኢክሪማ እስከዚያ ድረስ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ያገላብጠው ነበር። ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ቢያስሩት ይሻላል። አባዬ ሴኮውን ይያዝ። ስልኬ ላይ ግን እኔ ማየት አለብኝ… ካልተጠራጠሩኝ።» ወጣቱን አየሁት። ምን ፈልጎ ነው ልል ነበር፣ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግራ እጄን ሰጠሁት።

ሲያስርልኝ ሊና ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። አባቷን ነው የምታየው፣ እኔን አይደለም።

«ስሟ ማነው?»

«ፈትያ።»

«የሚቀጥለው ሐሙስ እኔ ነኝ የምወስድህ» አለችው። «ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። አላምናትም። ቁጭ ብዬ አያታለሁ፣ የምትለውን እሰማለሁ፣ ካላማረችኝ እዚያው እነግርሃለሁ።»

«እሺ ልጄ» አለ አብዱልገኒ። «እሺ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፈሂማ ስትቀበር እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።