ሳልናገር የከፈትኩት ቀፎ

ዛሬ ከሰዓት የጎረቤቴ የወይዘሮ አመተ ግራ ዓይን በእኔ ንቦች ተነድፎ፣ አብጦ ተከድኗል።

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ የንብ ቀፎ አለኝ። ሳስቀምጠው ለጎረቤቶቼ ቃል ገብቻለሁ፤ ማር ከመቁረጤ አንድ ቀን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም የተሰጣ ልብስ አስገብተው በር ይዘጋሉ።

ዘንድሮ አበባው ቀድሞ ፈነዳና ቀፎው ካሰብኩት ጊዜ በፊት ሞላ። ጠዋት ማጥለያውን ቀቀልኩ፣ ጠርሙሶቹን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደረደርኩ፣ ንቦቹን ለማጨስ ኩበት አዘጋጀሁ። (የጠርሙሶቹን ክዳን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ጎረቤቶቼን አልቆጠርኩም።)

ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ እስከ ነገ መቆየት አቃተኝና ቀፎውን ከፈትኩት። ወይዘሮ አመተ ውጭ ልብስ እያሰጡ ነበር።

አንድ ሳህን ማር ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

«መምህር፣ ምነው ሳይነግሩን?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በእርጥብ ፎጣ ይዘው።

«ረሳሁ» አልኩ።

«ይሁን፣ እርጅና ነው። እኔም ድስት እሳት ላይ ጥጄ እየረሳሁ ነው የምወጣው» ብለው ሳቁልኝ፣ ማሩንም ተቀበሉኝ።

አልረሳሁም። ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ አስታውሼ ነበር፤ ብነግራቸው «ዛሬ ልብስ አለኝ፣ ነገ ያድርጉት» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ተማሪ «ረሳሁ» ሲለኝ ዓይን ዓይኑን እያየሁ እውነቱን እስኪነግረኝ የምጠብቅ አስተማሪ ነበርኩ። እሳቸው ግን ወዲያው አመኑኝ።

ነገ ጠዋት ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እናንተስ፣ ውሸታችሁን አምኖ ያጽናናችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንዴት አድርጋችሁ ነገራችሁት?