ሻይ ቀድተው መርዶ የሚነግሩን እትዬ የሺ

እትዬ የሺ ሞተዋል። ባለፈው ሐሙስ ጧት፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለችው ክፍላቸው ልባቸው ደክሞ አረፉ። ቅዳሜ እዚሁ ናይሮቢ ቀበርናቸው። «ታመዋል» ብዬ ጀምሬ ቀስ እያልሁ ወደ እውነቱ መድረስ እችል ነበር፤ እርሳቸው ግን እንዲህ ያለውን አነጋገር አይወዱም። ከዚህ ከተማ ተነሥታችሁ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ዜናውን ከዚህ ወረቀት የምትሰሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቢቻል አጠገባችሁ ሰው ይኑር። እህል ካልቀመሳችሁም መጀመሪያ ቅመሱ። ይህ የእኔ ሳይሆን የእርሳቸው ሥርዓት ነው።

ላላወቃችኋቸው፣ እትዬ የሺ ላቪንግተን በሚባል ሰፈር በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ምግብ እያበሰሉ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ሐሙስና እሑድ ግን የአጥቢያችን ነበሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኬንያውያኑ አምልኳቸውን ጨርሰው አዳራሹን ሲለቁልን ቀድመው የሚገቡት እርሳቸው ነበሩ።

ብዙዎቻችሁ ያን እሑድ ታስታውሳላችሁ። እኅት አልማዝ ተነሥታ፣ አባቷ አዲስ አበባ በጠና መታመማቸውን ተናግራ፣ ጉባኤው እንዲጸልይላቸው ለመነች። አባቷ ግን ከሞቱ ሰንብተዋል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሰምተው፣ ልቧ ይዘጋጅ ብለው፣ እንደ አገራችን ልማድ «ታመዋል» ያሏት እነርሱው ናቸው። አማኝ ሴት አባትሽ ታመዋል ስትባል ምን እንደምታደርግ አላሰቡም። አልማዝ ጾም ይዛ ነበር። ጉባኤው ተነሣ፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ዐይኑን ጨፍኖ ለሞተ ሰው ፈውስ ይለምን ጀመር።

እትዬ የሺ ከኋላ መጥተው የአልማዝን ክንድ ያዙና ወደ ግቢው አወጧት። ውሃ ይዤ ተከተልኋቸው፤ ስለዚህ ያሏትን ሰምቻለሁ።

«አልማዝ፣ አባትሽ አልታመሙም። ሞተዋል። ጸሎቱን ለአንቺ እናድርገው።»

ጩኸቷ አዳራሹ ድረስ ተሰማ። ውስጥ ያለው ጸሎት ቆመ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ታደሰ ሥርዓት አፈረሱ ብለው ወቀሷቸው። እትዬ የሺ ግን አልተቆጡም። ባለቤታቸው ወንጌላዊ ነበሩ፤ በደርግ እስር ቤት ከሞቱ በኋላ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሌላ ወህኒ ተዛውረዋል እያለ ሸንግሏቸዋል።

«ክረምቱን ሙሉ ለሞተ ሰው ሹራብ ስሠራ ያዩኝ ነበር» አሉ። «አንዷማ እጅጌው አጠረ አለችኝ።»

ያንን ሹራብ እትዬ የሺ አልጣሉትም፤ ናይሮቢ ድረስ ይዘውት መጥተው ጨረሱትና በሐምሌ ብርድ ለሚንቀጠቀጠው ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጡት።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ የሚነግሩት እርሳቸው ሆኑ። አገር ቤት መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እዚህ ዘመድ ከየት ይምጣ? ስለዚህ የራሳቸውን መንገድ አበጁ። ከአንድ አፍ የሰሙትን ወሬ አይናገሩም፤ ሁለተኛ አፍ እስኪገኝ ይጠብቃሉ። ከዚያ ፔርሙሳቸውን ሻይ ሞልተው፣ ከመንገድ ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ገዝተው ይሄዳሉ። ሰውየውን ያበላሉ፣ ያጠጣሉ፣ ከዚያ በአጭር ቃል ይነግራሉ። ነግረውም አይሄዱም። ልብስ ያጥባሉ፤ ኬንያውያኑ ጎረቤቶች «ፖሌ ሳና» እያሉ ሊያጽናኑ ሲመጡ ደጅ ወጥተው ይቀበላሉ።

ጥቂት ቆይቶ ግን ፔርሙሱ ራሱ መፈራት ጀመረ። አንድ ቀን እትዬ የሺ ከማታቱ ታክሲ ሲወርዱ የአጥቢያችን ጋሽ ወልዴ አይተዋቸው ቤታቸውን ከውስጥ ቆለፉ።

«ማን ሞተ?» አሉ ከበሩ ኋላ።

«ማንም አልሞተም፤ ሻይ ነው።»

«ለጎረቤቴም ሻይ ነው ብለውት ነበር!»

እትዬ የሺ እየሳቁ ቢመለሱም ነገሩን በልባቸው ያዙት። ከዚያ ወዲያ መርዶ ቢኖርም ባይኖርም በየሐሙሱ ፔርሙሳቸውን አንጠልጥለው በየቤቱ ይዞሩ ጀመር፤ ሻዩን ያየ ሁሉ እንዳይደነግጥ። ዛሬ የጉብኝት አገልግሎት የምንለው የተጀመረው እንዲህ ነው። እኔም ዘንድ ይመጡ ነበር። ልጆች በሚማሩበት ክፍል ዘግይቼ ገብቼ ፊደል የቆጠርሁ ነኝና ሁልጊዜ ሳነብ ያገኙኛል። «አንቺ መጽሐፍሽን ዘግተሽ ያገኘሁሽ ቀን እኔ ነኝ የምደነግጠው» ይሉኝ ነበር። ፔርሙሱንም ለሚቀጥለው ሐሙስ ብለው እኔው ቤት ይተዉት ጀመር።

እንዲህ ሳለን ወሬው ወደ ራሳቸው መጣ። አገር ቤት የቀረ አንድ ልጃቸው ዳንኤል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። የመሞቱን ወሬ መጀመሪያ ያመጣው አየር መንገድ የሚሠራ ወንድማችን ነው። በኋላም ከዚያው ጦር ሸሽቶ ናይሮቢ የገባ ወጣት፣ ሲቀበር ቆሞ ማየቱን ነገረን። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ በቅርብ ታውቃቸዋለች ብለው እኔንም ጠሩኝ። ወንድም ታደሰ ደም ግፊታቸውን ፈርተው፣ ለጊዜው ቆስሏል እንበላቸው አሉ። ሌሎቹም ተስማሙ። በስብሰባ ላይ መናገር አይሆንልኝም። የዚያን ዕለት ግን «ሹራቡን እንደ ገና ልናሠራቸው ነው?» አልሁ።

ሐሙስ ጧት ፔርሙሱን ሞልቼ ከወንድም ታደሰ ጋር ሄድሁ። እትዬ የሺ በሩን ከፈቱ። በእጄ ያለውን አዩ፤ ከኋላዬ የቆሙትን ወንድም ታደሰንም አዩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ቅጂልኝ» አሉ።

ቀዳሁ፤ ማንዳዚውንም አቀረብሁ። ከማንዳዚው ቆርሰው ቀመሱ፣ ሻዩን እስከ ሥሩ ጠጡ፣ ሲኒውን አስቀመጡ።

«በስንት አፍ ነው?»

«በሁለት።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

«ዳንኤል ሞቷል» አልኋቸው።

ለቅሷቸውን አልጽፈውም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ዛሬ ጧት ጠብቅልኝ ብዬ ጸልዬለት ነበር። ነገም እንዳልል አደረጋችሁኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሐዘናቸውን ከጨረሱ በኋላ እንደ ቀድሞው በየሐሙሱ ወጡ። ፈገግታቸው ቀነሰ፤ ሻያቸው ግን አልቀዘቀዘም። እስከ መጨረሻዋ ሐሙስ።

እትዬ የሺ፣ የእርስዎን መርዶ ለጉባኤው የነገሩት ወንድም ታደሰ ናቸው። መጀመሪያ ሻይ አስቀዱ። ጋሽ ወልዴ እንኳ አልሸሹም፤ ጠጡ። ከዚያ ወንድም ታደሰ ተነሥተው «እትዬ የሺ ሞተዋል» ብለው ተቀመጡ። ማንም «ታመዋል» አላለም፤ የሚያኮራዎ ይመስለኛል። ለባለቤትዎና ለዳንኤል ያጡትን ቀብር እኛ ለእርስዎ አድርሰናል። ዘበኛው ሹራቡን ለብሶ መቃብርዎ ዳር ቆሞ ነበር፤ ሳልፈልግ ዐይኔ እጁ ላይ አረፈ። እጅጌው አላጠረም፣ እናቴ። በሰላም ይረፉ። ሐሙስ ፔርሙሱን ይዤ እወጣለሁ።