የአባቴ ጃኬትና ነፍሰ ጡሯ ምድጃ

የአባቴን ጃኬት ማሽተት የጀመርኩት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ አምስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። አትሳቁብኝ። ሥራው የእናቴ ነበር። እሷ ግን በዚያ ሰሞን ገና ሳይነጋ የሚገባበት ሺፍት ስለተሰጣት ለእኔ አስተላለፈችው።

"አንቺ አፍንጫሽ የኔ ነው" አለችኝ፣ አዛውንቶች ወደምትንከባከብበት ሥራዋ ልትሄድ የመኪና ቁልፏን እየፈለገች። "ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት እቀፊው። እቅፍ አድርገሽ አንገትጌው ላይ ሳብ አድርጊ። ከዚያ ቴክስት አድርጊልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ያጨስ ነበር። ባለፈው ዊንተር ሳል ያዘውና ሁለት ወር አልለቅ አለው። ዶክተሩ የሳንባውን ፎቶ ከፍቶ ሲያሳየው ምን እንዳለው አላውቅም፣ ብቻ ያን ቀን ቤት ሲገባ የሲጋራውን ፓኮ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው። እናቴ ግን በዚህ የምትረካ ሴት አይደለችም። "ማል" አለችው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሴሪያል እየበላሁ ነበር። እጁን ዘርግቶ አናቴ ላይ ጫነውና፣ "ሁለተኛ ባጨስ ይህችን ልጄን ይንሳኝ!" አለ። ማንኪያው አፌ ውስጥ ነበር። የሚማለው በእኔ፣ የሚነሳውም እኔን፣ ግን ማንም እኔን አልጠየቀኝም! ስለዚህ ጃኬቱን ሳሸት ለእናቴ ስል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለራሴም ነው። አጭሶ ከተገኘ በእኔ ምሎ አጨሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምድጃዋ ልምጣ።

ሞርስ ሮድ ከነበረው አፓርትመንታችን ለቀን ሉዊስ ሴንተር ቤት ስንገዛ አባቴን ከቤቱ ሁሉ በላይ ያስደሰተው ባክያርዱ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እሳት የሚያነዱበት ነገር አላቸው፤ የአንዱ ብረት፣ የአንዱ ድንጋይ። አባቴ ግን ሚያዝያ ላይ ከአንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ሱቅ የሸክላ ምድጃ ጭኖ መጣ። ቺሚኒያ ትባላለች። ሆዷ ወጣ ያለ ነው፤ እንጨቱ የሚገባበት አፍ ከፊቷ ተከፍቷል፣ ከላይ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ረዥም አንገት አላት። በሦስት እግር ብረት ላይ ትቀመጣለች። እናቴ ገና ስታያት ወገቧን ይዛ ቆመችና፣ "ይህቺ ነፍሰ ጡር ከየት መጣች?" አለች። ስሟ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ እሑድ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ዌርሃውስ አብረው ነው የሚሠሩት። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። አባቴ እንጨቱን ምድጃዋ ውስጥ ጠቀጠቀው። እናቴ ሰላጣ እየቆረጠች በመስኮት አየችው።

"ሳታሟሻት ልታነዳት ነው?"

ማሟሸት ማለት አዲስ ሸክላን ከእሳት ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። ዘይት ይቀባል፣ ለስለስ ያለ እሳት ያያል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ያያል። ድስትም ይሁን ምጣድ ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ይህንን እናቴም አክስቶቼም ያውቁታል። ወንዶቹ ሲደረግ አይተዋል እንጂ እጃቸው ገብቶበት አያውቅም።

"ይሄኮ ድስት አይደለም" አለ አባቴ። "የውጭ ዕቃ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በደንብ ተቃጥሎ ነው የወጣው። ሁሉንም ነገር ወደ ወጥ ቤት አትጎትቺው።"

"እሺ ጌታዬ" አለች እናቴ። እሺ ጌታዬ ስትል ደግሞ እግዚአብሔር ይጠብቅህ ማለቷ ነው።

ነዳጅ አርከፈከፈበት፣ ለኮሰው። እሳቱ በአንገቷ ወጣ። ሁላችንም አጨበጨብን። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ጧ! ከአፏ እስከ ሆዷ ለሁለት ተሰነጠቀችና ፍሙ ሣሩ ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ጋሼ፣ ሳህናቸውን እንደያዙ፣ "ወለደች!" አሉ።

እናቴ የበረንዳውን መደገፊያ እንጨት ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ የውኃ ጎማውን ይዞ ፍሙን ያጠፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼ ኮል ባደረጉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ "አራሷ እንዴት ናት? እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ" ነው። ሦስት ወር ሙሉ! አባቴ ስልኩን ከእኛ ርቆ ማንሳት ጀመረ።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ምድጃ ገዝቶ መጣ። እንደ መጀመሪያዋ ጉራ የለም፣ ዝም ብሎ አወረዳት። በሰማያዊ ሸራ ሸፈናትና፣ "የምትነደው በልደትሽ ቀን ነው። እስከዚያ ማንም አይነካት" አለኝ። ማንም ሲል እናቴን እያየ ነበር።

ጃኬቱ መሽተት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ቀን አቀፍኩት፣ ሳብኩ፤ ጭስ። ያውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። እሱ ሥራ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ሳይነጋ ትወጣለች፣ እኔ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እተኛለሁ። ለማጨስ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የት ይገኛል?

"አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸትህ?"

"ምን ይሸተኛል?" አለና ማስቲካ አፉ ውስጥ ወረወረ። ሚንት! አባቴ ማስቲካ የሚያኝክ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጃኬቱን ሲሰቅል ከኪሱ ላይተር ወደቀ።

"ለሻማ ነው" አለኝ ሳልጠይቀው።

"የቱ ሻማ?"

"መብራት ቢጠፋስ?"

ሉዊስ ሴንተር ከገባን ጀምሮ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በዚያ ሰሞን መጻፍ እየጣፈጠኝ ስለነበር ያልተጠረጠረ ነገር አልቀረም። ዝርዝሩ ውስጥ ቢጫ ቲሸርቴ መጥፋቱም አለ፤ እናቴ የዘይቱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥታ፣ "በዚህ ቤት ዘይት የሚጠጣው ማነው?" ያለችውም አለ። ሁለቱን ግን ከጭሱ ጋር አላገናኘኋቸውም። ዘይት ከሲጋራ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼን ጠረጠርኩ። እሳቸው ያጨሳሉ። እሑድ ቤታችን ሲመጡ በረንዳው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ አባዬ ሲጋራ ለምኖዎት ያውቃል?"

"መቼ?"

"በቅርቡ።"

ቀና ብለው አዩኝና ሲጋራቸውን ከኋላቸው ደበቁ። "እኔ ጠበቃ ሳልይዝ አንድ ቃል አልናገርም።"

"የምሬን ነው።"

"የኔም የምር ነው። አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ልትሆኚ ነው እንዴ? እኔ አገር ቤት ባጃጅ ስነዳ ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንዲህ አላፋጠጠኝም!" ብለው ስቀው ገቡ። አዎ አላሉኝም፣ አይደለምም አላሉኝም። ጥርጣሬዬ ጨመረ።

እናቴ በየጠዋቱ "እሺ?" ብላ ቴክስት ታደርጋለች። "ምንም የለም" እላታለሁ። ለምን እንደምዋሽላት እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው፣ አዎ ሽቷል ያልኩ ቀን የአባቴ እጅ አናቴ ላይ ያረፈበት ያ ቀን ይበላሻል ብዬ ፈርቼ ይመስለኛል። ግን አፍንጫዬ የእሷ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ዓርብ ማታ የሚታጠብ ልብስ ስትለይ ጃኬቱን አነሣች። ፊቷ ላይ አስጠጋችው። ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ነገ ቅዳሜ ነው፣ አልገባም" አለች ቀስ ብላ። "እሱ ግን የምገባ ይምሰለው።"

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቡናዋን በቴርሞስ ይዛ፣ "ቻው" ብላ ወጣች። መኪናዋን ከመንገዱ መታጠፊያ፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ አቆመችና በእግሯ ተመለሰች። ጫማዋን አውልቃ በጋራዡ በር ስትገባ እኔ በካልሲ እየጠበቅኋት ነበር። ሁለታችን ከኪችኑ መስኮት ሥር አጎነበስን። ልክ ሊነጋጋ ሲል ነው። 

አባቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሏል። ጀርባውን ብቻ ነው የምናየው። ትከሻው ወዲያና ወዲህ ይላል። ከአናቱ በላይ ቀጭን ጭስ፣ ቀስ እያለ።

"አየሽ" አለች እናቴ። "አየሽ አይደል? በልጁ ምሎ!"

ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ እንደምትቆጣ ነበር የጠበቅኩት። ለእንባ አልተዘጋጀሁም። እሷ ሳትነሣ እኔ ተነሥቼ የባክያርዱን በር ሳብኩት።

አባቴ ደንግጦ ዞረ። እጁ ላይ ሲጋራ የለም። እጁ ላይ ያለው ቢጫ ቲሸርቴ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ይንጠባጠባል። ሸራው ተገልጧል። ምድጃዋ ውስጥ፣ አሸዋ በተነጠፈበት፣ የጣት ያህል የሆኑ ጭራሮዎች ቀስ ብለው ይነዳሉ። ሆዷ በዘይት ያብረቀርቃል።

"በእናትሽ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

"እዚህ ነኝ" አለች እናቴ ከኋላዬ፣ በባዶ እግሯ።

ከዚያ አባቴ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ነገረን። ሁለተኛዋን ሲገዛ ሽማግሌው ሻጭ የመጀመሪያዋ ምን ሆነች ብለው ጠየቁት። ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ትንሽ ጭራሮ፣ ከዚያ ራሷ እስክትበርድ መተው፤ በሌላ ቀን ትንሽ ጨምሮ እንደገና፣ ውኃ ሳያስነኩ።

"ሰውየው ሲነግረኝ ያንቺን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ" አላት። "ዘይቱን ግን እሳቸው አላሉኝም። እሱ ከራሴ ነው። እናቴ ስትቀባ አይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽና ለጓደኛዬ ልትነግሪብኝ? ሦስት ወር አራሷ እንዴት ናት ተብያለሁ። አሁን ደግሞ አዋላጅ ልባል ነው?"

እናቴ ልትስቅ አለችና ተወችው። "እኔ ሲጋራ መስሎኝ ነው" አለች።

አባቴ እሷን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ደብተሬ ብብቴ ሥር ነበር።

"አንቺም?"

"ላይተሩስ?" አልኩት።

"እሳቱን በምን ላያይዘው? በምላሴ? ማስቲካውም ጭሱ እንዳይሸትሽ ብዬ ነው" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ልጄን ይንሳኝ ብዬ? እንዴት እንደዚያ ብዬ አጨሳለሁ?"

እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀንም የለም። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናቴ ተጠጋችና በእጇ ጀርባ የምድጃዋን ሆድ ነካ አደረገቻት። "አሁን ነው የሚቀባው፣ ሞቅ ስትል። ግን ይሄን ሁሉ ዘይት! ልትጠብሳት ነው? ወዲህ አምጣው።" ቲሸርቴን ከእጁ ተቀበለችው፣ ጨመቀችው፣ በስሱ አሸት አሸት ታደርጋት ጀመር። እሱ ባልዲውን ለቀቀላት። እኔ ጭራሮ ለቀምኩ።

በልደቴ ቀን ምድጃዋ ስትለኮስ እንግዳው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጋሼ ሳህናቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደው አጥሩ ጋ ቆሙ። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። አባቴ ሰዓቱን ያያል፣ እናቴ ምድጃዋን ታያለች፣ እኔ ሁለቱን አያለሁ። ነበልባሉ በአንገቷ ወጣ፣ ሆዷ ቀላ፣ ጧ የሚል ግን ጠፋ።

"ማነው ያሟሻት?" አሉ ጋሼ ሳህናቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነኛ!" አለች እናቴ። "ሌላ ማን ይችልበታል?"

አባቴ ቀና ብሎ አያት። ሳህኗን ተቀብሎ ሥጋ ጨመረላት። (ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ ይኸው፣ ያለ ጠበቃ ተናገርኩ። አባዬ ፈቅዶልኛል።)

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ የራሷን ሹራብ አሸተተች። የእኔን አሸተተች። የአባቴን ጃኬት አነሣችና ወዲያው መለሰችው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንሸተው።

"እንግዲህ በምን ላውቅ ነው?" አለች።

"ማመን ነዋ ያለሽ" አላት አባቴ።

"ማል እንግዲያ።"

"በእሷ ሁለተኛ አልምልም" አለ ወደ እኔ እያየ። "አላጨስኩም፣ አላጨስም። በቃ ይሄው ነው።"

እናቴ ለረዥም ጊዜ አየችው። "እሺ" አለች። ጌታዬ አልጨመረችበትም።

አመዱን የምጠርገው እሑድ እሑድ እኔ ነኝ። አባቴን አምነዋለሁ። የሲጋራ ቁራጭ ግን ሙሉ በሙሉ እንደማይነድ ስለማውቅ አመዱን በእንጨት በተን በተን አደርገዋለሁ። ባለፈው እሑድ እንዲሁ አጎንብሼ ስበትን መስኮቱ ተከፈተ።

"አገኘሽ?" አለኝ አባቴ።

"አላገኘሁም።"

"ጥግ ጥጉንም እዪ እንጂ" አለኝና ቡናውን ይዞ መስኮቱ ላይ ቆመ፣ ፈልጌ እስክጨርስ።