አንድ ሚሊዮን ሦስት

ያሳደጉኝ አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ቢቸና የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንዳለፍኩ፣ «ከአንድና ከራሱ ሌላ፣ አንድ ሚሊዮን ሦስትን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር አግኚ። ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ልኬ አስተምርሻለሁ» አሉኝ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ግድግዳው ላይ በከሰል ሳካፍል ከረምኩ። ማታ ማታ መደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ዛሬስ ቀሪ አለው?» ይሉኛል።

«አለው፣ ጋሼ።»

«አይዞሽ፣ ትደርሺበታለሽ።»

ወንድሜን ግን ምንም ቁጥር ሳይሰጡ ላኩት። እኔን ሞጣ ዳሩኝ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ የማስተማሪያ ደብተራቸውን ገለጥኩ። ያ ቁጥር አለ። ከሥሩ በገዛ እጃቸው፣ «ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም» ብለዋል። ከጎኑ የጻፉት ቀን እኔን ከጠየቁበት በዓመት ይቀድማል።

ዛሬ የመጠየቁ ተራ የእኔ ነበር፣ ጋሼ። መደቡ ግን ባዶ ነው።