የሥጋ መርማሪው ቁርስ

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ንፋስ መውጫ ላይ ሰው እስካሁን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እያላከከ ይኖራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ሥጋ ቤቶቻችንን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝንብ እሽ ሲሉ ያዋለቻቸው ምላስ ይቺ የኔዋ ናት።

ጥሩነህ እባላለሁ። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ሥጋ እበላለሁ። ተማሪዎቼን ከጠየቃችሁ አጥርቼ የማውቀው ሁለተኛውን ነው ይሏችኋል። ቁርሴን የምበላው ከመናኸሪያው ጀርባ ብርቱካን ቤት ነው። ብርቱካን ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁርስ ቤቱን ብቻዋን የያዘች፣ ንግግሯ ጥቂት፣ እጇ ፈጣን የሆነ ሴት ናት።

ዋሲሁን የመጣው በሁዳዴ መግቢያ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ሰው የቀሰቀሰ የሚመስለው ልጅ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ቄራ የገባውን በሬ ሁሉ ምላሱን፣ ልቡንና ጉበቱን እየሰነጠቀ ይመረምርና ንጹሑን ሥጋ በማህተም ያትማል፤ እሱ ያላተመው አይሸጥም። ከተማው "ዶክተር" ይለዋል። "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" ይላል፤ የሚሰማው የለም።

በሁዳዴ ቄራው ዝግ ነው። ሁዳዴ ደግሞ የሁሉን ገበታ አንድ ያደርጋል። በዚያ ሰሞን ብርቱካን ቁርሷን የምትሸጠው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጿሚው ቁርሱንም ምሳውንም አንድ ላይ ይገላገላል። ዋሲሁን ሽሮ በላ፤ እኛም ሽሮ በላን። የተልባ ፍትፍት በላ፤ በላን። እንዲያውም "ይኸ ልጅ ጾሙን አይስትም፣ ጨዋ ነው" ብዬ ያመሰገንኩት እኔ ነበርኩ።

ጉዱ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሃምሳው ቀን ውስጥ ጾም የሚባል ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፤ መጾም ክልክል ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ ጠዋት ዱለቴን አስቀርቤ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ናፍቆቴን እየተወጣሁ ሳለ ዋሲሁን ገባና፣ "እትዬ ብርቱካን፣ ድንች አለ?" አለ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። የጋይንት ድንች መቼም የሚናቅ አይደለም። ግን በሃምሳ! ብርቱካን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቅቅል ድንች ከነአዋዜው አቀረበችለት፤ እሱም እየላጠ ይበላ ጀመር።

ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት! "አያችሁ?" አልኩ አብረውኝ ለተቀመጡት፣ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁ እየመሰለኝ። "የከተማውን በሬ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ገልብጦ ያየው እሱ ነው። አይቶ ሲያበቃ ድንች ይበላል። እኛ ሳናይ ሥጋ እንበላለን።" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ስቄ ሁለተኛ ዱለት አዘዝኩ።

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ቀትር ላይ "ዶክተሩ ሥጋው ላይ አንድ ነገር አይቷል" ተባለ። በማግስቱ "ያየውን እንዳይናገር አስጠንቅቀውታል" ሆነ። በሦስተኛው ቀን ያየው ነገር ዓይንና ጅራት አበቀለ።

ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ቤት የሚመጣው ሰው የዋሲሁንን ሳህን ለማየት ሆነ። አንድ ቀን በዘይት የተሠራ ቅንጬ ነው፤ አንድ ቀን ፉል ነው፣ ያውም ሽንኩርትና ቃሪያ እንጂ ዕንቁላል ያልነካው። የቸኮለ ዕለት የገብስ በሶ ጭብጦ ይዞ ይወጣል። አንድ ሥራ ፈት ጎረምሳ በየጠዋቱ ሳህኑን በስልኩ እያነሳ "የዛሬው የዶክተር ቁርስ" ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። ዋሲሁን በዘይት የተሠራ ጨጨብሳ የበላ ዕለት ከተማው በሙሉ ጨጨብሳ ሲጋግር ዋለ። ባለ ሥጋ ቤቶቹ ቢላዋቸውን እየሳሉ ደጅ ደጁን ያያሉ፤ የሚገባ ሰው ግን የለም።

አንድ ከሰዓት ብቻውን አገኘሁትና አፋጠጥኩት።

"እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አይተህ ነው?"

"ምንም አላየሁም መምህር። ሥጋው ንጹሕ ነው።"

"ስለት አለብህ?"

"የለብኝም።"

"ሐኪም ከልክሎህ ነው?"

"አይ። አልወደውም፣ በቃ። ሥጋውንም፣ ቅቤውንም፣ ወተቱንም፣ ዕንቁላሉንም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም።"

ታሪክ አስተማሪ ነኝና ምክንያት የሌለው ነገር አይዋጥልኝም፤ ይኸ ግን ዓይኑን አፍጥጦ የቆመ እውነት ነበር። እሱ እንዳጫወተኝ፣ ቀድሞ እስቴ ሲሠራ ሰዉ "ጠንቋይ ከልክሎት ነው" አለ። ወገዳ ሲዛወር ያከራየችው ሴትዮ አዘነችለትና፣ ይለምድ ይሆናል ብላ ሽሮው ውስጥ ቅቤ ደበቀችበት፤ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። ሴትዮዋም አብራ አለቀሰች። "በሄድኩበት ሁሉ 'ለምን' ይሉኛል" አለኝ። "'ለምን' ሳይሉ 'ነገስ ምን ላብስልልህ?' ያሉኝ እትዬ ብርቱካን ብቻ ናቸው። ከዚህ ቤት መሄድ አልፈልግም መምህር።"

አንጀቴን በላው። አፈርኩም። ምክንያቱም ያን ዕለት ጠዋት ባለ ሥጋ ቤቶቹ ተፈራርመው አቤት እንዳሉ፣ አለቃውም "ወይ ከሰዉ ጋር ተስማማ፣ ወይ ወደ ቆላ አዛውርሃለሁ" እንዳለው ሰምቼ ነበር። አንድ ቀልድ ቀልጄ የሰው ልጅ ቤት ላፈርስ ነው።

ሽምግልና ተቀመጥን። የከሳሾቹ ዋና ይግዛው ነው፤ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ድምፁ ከገበያ ማዶ የሚሰማ ባለ ሥጋ ቤት። "ልጁን አልጠላውም" አለ። "ግን ሕዝቡ ፊት አንዴ ይብላ! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ብርቱካን ቤት። ወይፈኑን እኔ አርዳለሁ፤ ለመጣው ሁሉ ጥብስ በነጻ!" ይህን ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምራቁን ዋጠ። እሱም እኔ ነኝ።

ዋሲሁን አመዱ ቡን ብሎ፣ "እሞክራለሁ" አለ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ታዛቢ ሆኜ ቄራ ሄድኩ። ወይፈኑ ታርዷል፤ ይግዛው እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ዋሲሁን ምላሱን ሰነጠቀ፤ አየ። ልቡን ሰነጠቀ፤ ቆየ። ትከሻውን ሰነጠቀና፣ "መምህር፣ ይምጡ ይዩ" አለኝ። ቀዩ ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነጭ ነገር ተሰግስጓል።

"ኮሶ ነው" አለ። "ሥጋው ሁሉ ውስጥ አለ። አላትመውም።"

ይግዛው ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ዋሲሁንን ክንዱን ይዞ ሹክ አለው፤ የይግዛው ሹክሹክታ እኔ ድረስ ይሰማል። "ስማኝ ልጄ። ማህተሙን አድርግ። አንተ መብላት የለብህም፤ 'ጠዋት እኔ ቤት በልቷል' ብዬ እኔ እምልልሃለሁ። ሥራህም ይረጋል፣ ማንም አይነካህም። ካንተ በፊት የነበረው መርማሪ ጎድኑን አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር፤ ሰላም ነበርን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።"

ዋሲሁን ማህተሙን በእጁ አገላበጠ። ይግዛው ሁሉን ነገር እኮ ነው የሰጠው፤ ሥራውንም፣ የብርቱካንን ቤትም፣ ያለመብላቱንም። እውነቱን ለመናገር በልቤ "አትም፣ ተገላገል" ያልኩ መሰለኝ፤ ለጥብሱ ስል ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

"ጋሼ ይግዛው" አለ ዋሲሁን ቀስ ብሎ፣ "ይኼን እኮ ልጆች ይበሉታል።" ማህተሙን ኪሱ ከተተ።

ብርቱካን ቤት ስንደርስ ሕዝቡ ከደጅ እስከ መናኸሪያው ሞልቷል። ሁሉም እንደኔ ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የመጣው። ይግዛው ቀድሞ ገባና ጮኸ። "አላልኳችሁም? ላለመብላት ብሎ ወይፈኔ ላይ ኮሶ አገኘ!"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዋሲሁን ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። አንድ ቃል አልተከራከረም፤ ማንም እንደማያምነው ያውቃል። ያኔ ተነሣሁ።

"ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ምንም ሳላውቅ ለሳቅ ብዬ ነው። ዛሬ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ወይፈኑ ኮሶ የሞላው ነው። 'አትምና ሳትበላ ቅር፣ እኔ በልቷል ብዬ እምላለሁ' ተብሎ ነበር። እምቢ አለ። ዋሽተሃል የሚለኝ ካለ ይኸው ይግዛው፤ ይናገር።"

ይግዛው አንገቱን ደፋ።

ብርቱካን ከጓዳ ወጣች፤ ማንኪያዋን እንደያዘች ነው። በዚያ ቤት ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። "ያ የቀድሞው መርማሪ ጎድኑን አንጠልጥሎ ሲወጣ በዚች በር ነበር የሚያልፍ" አለች። "ስንት ጊዜ ኮሶ ጠጣችሁ? እስቲ ቁጠሩ! ይኸ ልጅ በሥጋ አይደለል፤ በምን ሊደልሉት ነው? በድንች?"

ሰዉ ሆዱን ዳበሰ። ቆጠሩ መሰለኝ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ቤቱን ዞሮ እስከ ደጅ ወጣ። ሳቁ ሲያበቃ የሁሉም ሆድ አንድ ላይ ጮኸና አንድ ሽማግሌ፣ "ታዲያ ምን ልንበላ ነው?" አሉ።

"ዶክተር የሚበላውን" አለች ብርቱካን።

ያን ዕለት ያቺ ቤት ያላወጣችው የለም። ቅንጬው በትልቁ ድስት ተሠራ፤ ድንቹ በጆንያ ወጣ፤ ተልባው ተበጠበጠ። እኔ ሦስት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ፤ ደግሞ ጣፈጠኝ፣ ምን ላድርግ። ይግዛው በሩ ሥር ብዙ ከቆመ በኋላ ቀስ ብሎ ዋሲሁን አጠገብ ተቀመጠ፣ "በድዬሃለሁ" አለው፣ ከዚያም ለብርቱካን "ለኔም ቅንጬ" አላት።

አሁን ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ "ዋሲሁን አይቶታል?" ይላል። "አይቶታል።" "ቀምሶታል?" "በስመ አብ! ምን በወጣው!" ብሎ ይምላል ይግዛው።

ሃምሳው ሊያልቅ ሲል ዋሲሁን አጎንብሶ ቁርሱን ሲበላ ይግዛው ገባ። ሳህኑን አየና ክው ብሎ ቀረ። ሳህኑ ላይ ደም የመሰለ ነገር ተቆራርጧል፤ የዋሲሁንም ጣቶች ቀልተዋል። እኔም ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቆመ።

"ዶክተር!" አለ ይግዛው በተሰበረ ድምፅ። "ምንድን ነው የምትበላ?"

"ቀይ ሥር ነው ጋሼ ይግዛው።"

ይግዛው አላመነም። አንዷን በጣቱ አንሥቶ አሸተታት፤ አኘካት፤ ፊቱን አጨማደደ። "ተመስገን!" ብሎ አጠገቡ ተዘረፈጠ። ግንባሩን ጠረገና ድንጋጤው ሲለቀው ወደ ልጁ ዞረ። እንግዲህ "ለምን" ሊለው ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። "ነገስ ምን ልትበላ አስበሃል?" አለው።