ሙሉ ሸሚዝ ሰፍተው የማያውቁት አስተማሪ

ሰፈሩ የሚያውቃቸው «እትዬ ኮሌታ» በሚል ስም ነው። ስሙ የወጣላቸው ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው የሰፉት ኮሌታ ብቻ ነበር። እጅጌ የሚገጥመው ሌላ፣ ኪስ የሚለጥፈው ሌላ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣው ሌላ። ጡረታ ሲወጡ ግን ጎረቤት ይህን ከየት ይወቀው? «የልብስ ስፌት ባለሙያ» አላቸው፤ እሳቸውም አላስተባበሉም።

ጣጣው የመጣው ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጣ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ አንዴ ኮምፒውተር፣ አንዴ ቼዝ። ኃላፊዋ እንቢ የማትባል ለስላሳ ወጣት ናት። ሦስት የስፌት መኪና በስጦታ ስታገኝ በቀጥታ የሄደችው እሳቸው ቤት ነበር። ምራታቸው ፊት ስለጠየቀቻቸው ማፈግፈግ አልሆነላቸውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ በምን እንደተስማሙ የገባቸው ልጅቷ ከወጣች በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ኮሌታ አስተማሩ፤ እጃቸው ሲሠራ ያየ ሁሉ አፉን ከፈተ። በሁለተኛውም ቅዳሜ ኮሌታ ሆነ። በሦስተኛው፣ ጡረታ የወጡ አውቶቡስ ነጂ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የተነቀለ ቁልፍ የሚተክልላቸው ያጡ ሰውዬ፣ እጃቸውን አወጡ።

«እትዬ፣ አንገት ብቻ ለብሰን ልንወጣ ነው እንዴ? እጅጌው መቼ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሩ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራቸውም። ከዚያው ቤተ መጻሕፍት አንድ የስፌት መጽሐፍ ተውሰው፣ በዘንቢል ደብቀው ቤት አስገቡ። የልጃቸውን አሮጌ ሸሚዝ ቀደው ሞከሩ። እጅጌው አንዴ ተገልብጦ ገጠመ፣ አንዴ ቀኙ በግራ ገባ። ሐሙስ ዕለት ምራታቸው በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ጭናቸው ላይ የተበጣጠሰ ጨርቅ ይዘው አገኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ መደበቅ የለም፤ ሁሉንም ነገሯት። ምራትየዋ አልሳቀችም።

«እማማ፣ ታዲያ እጅጌውን ይገጥሙ የነበሩት ሴትዮ አሁን የት ናቸው?»

ይሄ እንዴት እስከዛሬ እንዳልመጣላቸው ራሳቸውም ገረማቸው። በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ከከተማው ማዶ ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጀርባቸው ተቀምጠው እጅጌ የገጠሙት ሴት በሩን ከፈቱ። ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ የሞተና የተወለደውን ተነጋገሩ፤ ከዚያ እትዬ ኮሌታ የመጡበትን ጉዳይ አወጡ። ሴትየዋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔንስ ቤተሰቤ የሙሽራ ልብስ የምሰፋ አይደል የሚመስለው! ያልተጋለጥኩት የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ነው።»

ቅዳሜ ሁለቱም አብረው ገቡ። እትዬ ኮሌታ ስፌቱ ሳይጀመር ክፍሉ መሐል ቆሙ። 

«ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋሁት ኮሌታ ብቻ ነው። እጅጌ አላውቅም። የምታውቀውን ይዤ መጥቻለሁ።»

 መጀመሪያ የተናገሩት ነጂው ናቸው። «እኔም ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ሞተሩ ሲቆም ግን መካኒክ ነበር የምጠራው። ይልቅ እጅጌው ይጀመር» አሉ።

ከወር በኋላ የኪሷም ሴት ተገኘች። የቁልፍ ቀዳዳ ታወጣ የነበረችው ግን ሞታ ኖሯል። እሱን ኃላፊዋ ከመጽሐፍ ጮክ ብላ እያነበበችላቸው፣ አስተማሪና ተማሪ ሳይባል ሁሉም እኩል እየተሳሳተ ተማረው።

በአራተኛው ወር አሥር ሸሚዝ አለቀ። የነጂው አንዱ እጅጌ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል፤ ሰውየው ግን ልጃቸው ቤት ለብሰውት ሄደዋል። እትዬ ኮሌታ የራሳቸውን የጨረሱት ከሁሉም መጨረሻ ነው። በስልሳ ሁለት ዓመታቸው የመጀመሪያው ሙሉ ሸሚዛቸው መሆኑ ነው። የእጅጌዋ ጓደኛቸው መነጽራቸውን አድርገው ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት መረመሩና ሁለት ጊዜ አስተረተሯቸው። ሳያጉረመርሙ ተረተሩ።