ፋኢዛ ያረመችው ስሌት

ፋኢዛ የሰቆጣ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ዓብዱልቃድር ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሷ ስታትስቲክስ ተምራ ተመለሰችና በአንድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ሥራዋ ካለፉት ዓመታት የዝናብ ልኬት ተነስቶ ማሽላ መቼ ቢዘራ እንደሚያዋጣ ማስላት ነው።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት የጣቢያው ሶፍትዌር ፈቃዱ አልቆ አልከፈትም አለ። አለቃዋ አቶ ዓለምነህ አዲስ እስኪገዛ እንጠብቅ አሉ።

«ክረምቱ አይጠብቀንም» አለቻቸው። «በነጻ የሚገኙ የስሌት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ አሉ። የየአገሩ ተመራማሪዎች ጽፈው ለሁሉም ክፍት ያደረጓቸው ናቸው። በእነሱ የራሳችንን ፕሮግራም ልሥራ።»

«ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር አምነን ለገበሬ እንዴት እንናገራለን?»

«ውስጡ ስለሚታይ ራሳችን እንፈትሸዋለን። የድሮውን ግን ከፍተን አይተነው አናውቅም።»

አቶ ዓለምነህ ፈቀዱ። ኢንተርኔት ይቆራረጥ ስለነበር ባሕር ዳር ሄዳ የሚያስፈልጋትን በፍላሽ ይዛ መጣች። ፕሮግራሙን ስትጨርስ የደሃና ወረዳ ውጤት ከቀድሞው ጋር ገጠመ። የፃግብጂ ወረዳው ግን አልዋጥ አላት። ማሽላ እዚያ ጨርሶ አይሆንም ይላል፤ ገበሬው ግን ዘርቶ ሲያጭድ ኖሯል።

የላይብረሪውን ኮድ ከፍታ መስመር በመስመር አነበበች። በጦርነቱ ጊዜ ፃግብጂ ላይ ዝናብ የሚለካ ሰው አልነበረም። ስሌቱ ያልተለካውን ቀን ሁሉ ዝናብ እንዳልጣለበት ቆጥሮታል። ስህተቱን አርማ፣ ማስረጃ አያይዛ ለላይብረሪው አዘጋጆች ላከች። ጠየቋት፣ ተከራከሯት፣ በመጨረሻም ተቀበሏት። እርማቷ በአዲሱ እትም ከነስሟ ወጣ።

በተስተካከለው ስሌት የተሰጠውን ምክር ሰምተው የዘሩት የፃግብጂ ገበሬዎች ያን ዓመት ጥሩ አጨዱ። አቶ ዓለምነህ በስብሰባ ላይ «መጀመሪያ የተጠራጠርኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሌሎቹን ሥራዎቻችንንም ወደ ክፍት ላይብረሪዎቹ እንድታዞርልን ጠይቄያታለሁ» አሉ።

ሐጂ ወሬውን ሱቃቸው ለሚመጣው ሁሉ በራሳቸው መንገድ ያወራሉ።

«ዓለም ዝናቡን የሚያሰላው በልጄ እርማት ነው» ሲሉ አንድ ቀን ፋኢዛ ደረሰችባቸው።

«አባ፣ ላይብረሪውን የሚጠቀሙት ብቻ ናቸው እኮ።»

«እነሱስ ዓለም ላይ አይደሉም እንዴ?» አሉ ሐጂ፣ ጨርቁን እየለኩ።

ፋኢዛ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘችላቸው። ፊቷ በርቶ ነበር።